ከከረጢቱ ጀርባ ያለው ቁጥር

ለሦስተኛ ዲግሪዬ ብሪታኒያ በነበርኩበት ወቅት የአከራዬ ልጅ አንዲት ጥንቸል ታሳድግ ነበር። አንድ ቀን ልጅቱ ሁለት የመኖ ከረጢቶች ይዛ መጥታ የትኛው እንደሚሻል ጠየቀችኝ። በአንደኛው ውስጥ የተደፈጠጠ በቆሎ፣ አተርና ልዩ ልዩ ፍሬዎች ተደባልቀዋል። ሌላኛው የያዘው ግን መልካቸውም መጠናቸውም አንድ ዓይነት የሆነ እንክብሎችን (ፔሌት) ብቻ ነበር። እኔም «ዓይነቱ የበዛው ይሻላል» ብዬ ወደ ድብልቁ ጠቆምኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥንቸሏ መብላት አቆመች፤ በጠጧም ተቋረጠ። በሕክምና ለጥቂት ተረፈች። የእንስሳት ሐኪሙም መንስኤው መኖው ሳይሆን እንደማይቀር ነገሩን።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ አሳፈረኝ፤ ጉዳዩ ከቅንጣት መጠንና ከአማካይ ቁጥር ጋር የተያያዘ፣ ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ ያልሆነ ነበርና።

የጥንቸል አንጀት እንደ ወንፊት ይሠራል። ዱቄት ስንነፋ ደቃቁን ወስደን ሻካራውን እንደምናስወግድ ሁሉ፣ አንጀቷም ደቃቁን ሲከም ወደሚባለው ሰፊ ከረጢት መሰል ክፍል ይመልሰዋል። በዚያም በረቂቃን ተሕዋስያን ይብላላል። ለስላሳ በጠጥ ሆኖ ሲወጣም ጥንቸሏ መልሳ በመብላት ፕሮቲንና ቪታሚን ታገኝበታለች። ሻካራው አሰር ግን ሳይቆይ ይወገዳል። ይሁን እንጂ ከንቱ አይደለም፤ የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። አሰር አንሶ ስታርች ሲበዛ አንጀቱ ይዝላል፣ የተሕዋስያኑ ሚዛን ይዛባል፣ ጋዝም ይጠራቀማል። መብላት ያቆመች ጥንቸል በአጭር ጊዜ ልትሞት ትችላለች።

ስለሆነም መኖ ስንመርጥ ከፊት ያለውን ሥዕል ትተን ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ እናንብብ። ለአዋቂ ጥንቸል አሰሩ ቢያንስ 18፣ ቢቻል ከ20 በመቶ በላይ፣ ፕሮቲኑ ከ12 እስከ 15 በመቶ፣ ካልሲየሙም ከ1 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ትርፍ ካልሲየም በሽንት ስለሚወጣ በፊኛ ውስጥ ጠጠር ሊፈጥር ይችላል። አልፋልፋ የበዛበት መኖ በይበልጥ የሚስማማው በማደግ ላይ ላሉት ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ሁለት ነገሮችን ይሰውራል። አንደኛ፣ አማካይ ነው። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች 32 ጥንቸሎችን በአራት ዓይነት አመጋገብ ተከታትለው ነበር። ድብልቅ መኖ የቀረበላቸው ጥንቸሎች የሚጥማቸውን እየመረጡ ሌላውን ይተዉ እንደነበር አሳይተዋል። በመሆኑም የተጻፈው ቁጥር የከረጢቱ እንጂ የተበላው አይደለም። እንክብል አንድ ወጥ በመሆኑ ይህን ምርጫ ይከለክላል። ሁለተኛ፣ መቶኛው የሚነግረን ክብደትን እንጂ ርዝመትን አይደለም። እንክብል የሚሠራው ተፈጭቶ ነው፤ አሰሩ 20 በመቶ ቢሆንም ቅንጣቱ ደቅቋል። በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚያድገውን የፊት ጥርስም ሆነ መንጋጋዋን እንደ ረጅም ድርቆሽ አያሠራም።

እንግዲህ ዋናው ምግብ ሁልጊዜ ከፊቷ የማይጠፋ የሣር ድርቆሽ ነው። እንክብሉ በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደቷ ከ25 ግራም አይብለጥ፤ 2 ኪሎ ለምትመዝን 50 ግራም መሆኑ ነው። መኖ ሲቀየር አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ ከ7 እስከ 10 ቀናት ማለማመድ ይገባል። የጥንቸል እንክብል በማይገኝበት ቦታ የዶሮ መኖ ምትክ አይሆንም፤ በአንዳንዱ ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት ለጥንቸል መርዝ ሊሆን ይችላልና።

ያቺ ልጅ ዛሬ ብትጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ድርቆሹን አቅርቢ፤ ከዚያ ከረጢቱን ገልብጠሽ አንብቢ።