ከባሕረ ጥምቀቱ እስከ ስሜን ገደል



ጥምቀትን በጎንደር ማክበር ለቤተሰባችን የቆየ ልማድ ነው። ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ከተመለሱ፣ በቃና ዘገሊላም የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን። በ2010 ዓ.ም. ግን ይህን ልማዳችንን እናታችን ሰበሩት። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ቅዱስ ያሬድ ተሰወረበት የሚባለውን የስሜንን ተራራ «አንድ ቀን እናየዋለን» እንዳሉ በቀደመው ክረምት ዐርፈው ነበር። እናታችን የእርሳቸውን መቋሚያ ይዘው መጥተው ኖሯል። «እኔ ወደ ስሜን ነኝ፤ የፈለገ ይከተለኝ» አሉን። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን፣ የደም ግፊት ያለባቸውን እናት ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚገኝ ስፍራ ማውጣት አስፈራን። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረን ተሸነፍን።

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ገባን። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚህች ከተማ ነው። የመግቢያውን ከፍለን፣ ጠመንጃ ያነገበ አንድ ጥበቃ ተመድቦልን ወደ ሳንቃ በር አቀናን። በመንገዱ ዳር በአገራችን ብቻ የሚገኙት ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ ደረታቸው እንደ ፍም ቀልቶ፣ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሰው አይፈሩም። ልጆቻችን ከዚያ ንቅንቅ አንልም ብለው አስቸገሩን።

ከሳንቃ በር ጥቂት እንደ ሄድን ከመኪና ወርደን በአስታው ዛፎች መካከል በእግር ተጓዝን። እናታችን መቋሚያውን እየተመረኮዙ፣ በየሃያ እርምጃው እየቆሙ ተከተሉን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ ቃል ያጥራል፤ መሬቱ በድንገት አለቀ። ከፊታችን የጂንባር ወንዝ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወረወርበት ገደል ተከፈተ። ወሩ ጥር በመሆኑ ውኃው እንደ ነጭ ክር ቀጥኖ፣ መሬት ሳይደርስ በነፋስ ይበተናል። ፏፏቴውን በሙሉ ኃይሉ ማየት የሚሻ ክረምቱ እንደ ወጣ ቢሄድ ይበጀዋል።

ይህን ምድር የሠራው እሳተ ገሞራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰው ቅላጭ ዐለት በላይ በላዩ እንደ እንጀራ ተነባበረ፤ በኋላ ውኃው ለዘመናት እየሸረሸረ አንዳንዱን ገደል እስከ 1,500 ሜትር አጠለቀው። ንብርብሩ ከማዶ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

የስምንት ዓመቱ ልጃችን ግን ይህን ሁሉ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ወደ ጠርዙ ሲሮጥ ጥበቃው በሹራቡ ጨምድዶ ያዘው። ደማችን ደረቀ! ከልጆች ጋር የሚሄድ ወላጅ እጃቸውን አይልቀቅ። ልጁ ግን ወዲያው ስሙን ጮኾ ጠራ፤ ገደሉም መልሶ ጠራው። ከጠርዙ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ የተቀመጡት እናታችን «አባታችሁ ቢኖሩ ድምፃቸውን ይሞክሩበት ነበር» አሉና ዝም አሉ።

ቆይተው ጥበቃውን «ልጄ፣ እዚህ ላይ ሰው ይኖራል?» ሲሉ ጠየቁት። እርሱም ወደ ግጭ አምባ እያመለከተ፣ «መንደር ነበረ፣ እናቴ፤ ለዋልያውና ለሣሩ ሲባል ሰዎቹ ወደ ደባርቅ ወረዱ» አላቸው።

«መቃብራቸውስ?»

ጥበቃው መልስ አልሰጠም።

እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ በ1996 አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። የግጭ ሰዎች የተነሡት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ከብቱ ሲቀንስ ሣሩ እንደሚያገግም አያከራክርም፤ ዋልያም ከስሜን ሌላ መጠጊያ የለውም። ሆኖም የእናታችንን ጥያቄ ከሰማን በኋላ ያን አምባ እንደ ቀድሞው በደስታ ብቻ ልናየው አልቻልንም።

ዋልያ ወደሚታይበት ወደ ጨነቅ ለመሄድ ብንነሣም የእናታችን ትንፋሽ እያጠረ መጣ። ልጆቹ እያጉረመረሙ ተመለስን። ማታ ደባርቅ ላይ ብርዱ በጋቢም በብርድ ልብስም አልመለስ አለን፤ እናታችን ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ተኙ።

ከዚያ ወዲህ፣ በ2011 ዓ.ም. ሰደድ እሳት የፓርኩን ጓሳና አስታ በላ፤ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትም በእንግዳ ያድሩ የነበሩትን በቅሎ ጫኞችና አስጎብኚዎች ሥራ አሳጣ። ዛሬ ቤተሰብ ይዞ ለመውጣት የሚያስብ የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ይጠይቅ። እኛም ለልጆቹ ዋልያ እናሳያችኋለን ብለን የገባነውን ቃል እስካሁን አልፈጸምንም።