የእግር መንገድ ለምን ቦረቦር ይሆናል?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደውን ዋና ጎዳና ለቅቆ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የገባ ሰው በየኮረብታው ላይ ተመሳሳይ ነገር ይመለከታል። ሽቅብ የሚወጣው የእግር መንገድ ከአጠገቡ ካለው ማሳ በታች ወርዶ፣ እንደ ቦይ ተቦርቡሮ፣ አንዳንድ ቦታም የመንገደኛው ራስ ብቻ እስኪታይ ድረስ ጎድጉዶ ይገኛል። ከጎኑ ሌላ አዲስ መንገድ ተጀምሯል፤ እርሱም ከጥቂት ክረምቶች በኋላ የፊተኛው ዕጣ ይደርሰዋል። በዚህ መንገድ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰድ ሕመምተኛ፣ በቆሎና በርበሬ የጫነ አህያ፣ በመስከረም ጭቃ ትምህርት የሚጀምር ልጅ ያልፋሉ።

የአካባቢው ሕዝብ መንገዱን አልጠገነም ማለት አይቻልም። በደቦና በወንፈል መሥራት የቆየ ልማድ ነው። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻም አርሶ አደሮች አዝመራቸውን ከሰበሰቡ በኋላ፣ በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት፣ ያለ ክፍያ እርከን ሠርተዋል፤ ክትርም ገንብተዋል። ሆኖም የእግር መንገድ ጥገና ብዙ ጊዜ በጎደጎደው ላይ አፈር ሞልቶ በመርገጥ ይጠናቀቃል። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ የተሞላው አፈር ከማንም በፊት ይሄዳል። የጉልበቱ መጠን በቂ ሆኖ ሳለ ሥራው ለምን እንደሚፈርስ ለመረዳት ጥቂት ፊዚክስ ያስፈልገናል።

በመጀመሪያ መንገዱ ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አንድ እግሩ ሲቆም በመሬቱ ላይ የሚያሳድረው ግፊት 40 ሺህ ፓስካል ያህል ነው። ከነጭነቱ 200 ኪሎ ግራም የሚሆን አህያ ደግሞ በሦስት ኮቴው ቆሞ አራተኛውን ሲያነሣ፣ የአንዱን ኮቴ ስፋት 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብንወስድ፣ ግፊቱ ከ220 ሺህ ፓስካል ያልፋል፤ ከሰውየው አምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ ግፊት በገበያ ቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያሉት ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ ሣርም አይበቅልበትም። ውሃ የማይሰርግበት፣ በሁለት ጎን ከፍ ያለ፣ ቁልቁል የተዘረጋ ጎድጓዳ ነገር ከቆርቆሮ ጣሪያ አሸንዳ በምን ይለያል?

አሁን ስለ ጉልበት እናስላ። ርዝመቱ 200 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ፣ በየ100 ሜትሩ 15 ሜትር የሚወርድ መንገድ አለ እንበል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በመንገዱ ላይ ብቻ 4000 ሊትር፣ ማለትም 4 ቶን ውሃ ያርፋል። የመንገዱ ላይኛ ጫፍ ከታችኛው በ30 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃው በአማካይ 15 ሜትር ይወርዳል። የስበት ፍጥንጥነትን 10 አድርገን ብንወስድ የሚለቀቀው ጉልበት 600 ሺህ ጁል ነው። አንድ ኩንታል እህል ወደ 600 ሜትር ከፍታ ለማውጣት የሚያስፈልገው ያህል ነው። ይህ ሁሉ አፈር በመቦርቦር አያልቅም፤ ከፊሉ በሰበቃ ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። የተረፈው ግን የተሞላውን አፈር ለመጥረግ ይበቃል።

እንግዲህ በየ20 ሜትሩ ውሃውን ወደ ጎን የሚያስወጣ የድንጋይ መቀልበሻ ብንሠራስ? እያንዳንዱ ክፍል 400 ሊትር ይቀበላል፤ ውሃውም በአማካይ 1.5 ሜትር ብቻ ይወርዳል። ጉልበቱ 6 ሺህ ጁል ይሆናል። የአሥሩም ክፍሎች ድምር 60 ሺህ ጁል ነው፤ የዝናቡ መጠን ሳይቀነስ በመንገዱ ላይ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መንገዱ ሲረዝም ውሃውም ይበዛል፣ የሚወርድበት ከፍታም ይጨምራል፤ ስለዚህ ጉልበቱ ከርዝመቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ጎርፍን የሚያሸንፈው መከፋፈል እንጂ መሙላት አይደለም።

የመቀልበሻው አቀማመጥ ግን ጥንቃቄ ይሻል። መንገዱን በቀጥታ የሚያቋርጥ ከሆነ ውሃው ፊት ለፊት ተጋጭቶ ይቆማል፤ ፍጥነቱ የቀነሰ ውሃ ደግሞ የተሸከመውን ደለል ይጥላል። መቀልበሻው በአንድ ክረምት ይሞላና ውሃው በላዩ ያልፋል። አግድም ዘንበል ተደርጎ ከተሠራ ግን ውሃው ሳይቆም አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ደለሉንም ራሱ ይጠርጋል።

አዲስ መንገድ ሲቀየስ ደግሞ በተራራ መንገድ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ መመዘኛ አለ፤ የመንገዱ ተዳፋትነት ከኮረብታው ጎን ተዳፋትነት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ውሃ ሁልጊዜ በጣም ቁልቁል የሆነውን አቅጣጫ ይመርጣል። መንገዱ ኮረብታውን አግድም ሲያቋርጥ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል፤ መንገዱ ቀጥታ ቁልቁል ሲወርድ ግን ከመንገዱ የተሻለ አቅጣጫ አያገኝም። ተዳፋቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የልማት ሠራተኞች እርከን የሚቀይሱበት ገመድና ውሃ ልክ፣ ወይም ከሦስት እንጨትና ከአንድ ቱምቢ የሚሠራ መለኪያ ይበቃል።

በውጭ አገር በተማርኩባቸው ዓመታት ቅዳሜ ጠዋት ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ተራራ የሚወጡ የቢሮ ሠራተኞችን ማየት ያስገርመኝ ነበር። በአሜሪካ 3500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአፓላቺያን የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1921 ታስቦ በ1937 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ጥገናው በአብዛኛው የሚከናወነው በበጎ ፈቃደኞች ነው። እነርሱ የሚጠግኑት የመዝናኛ መንገድ ነው። የእኛው የመኖሪያ መንገድ ነውና ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የውሃው ሕግ ግን አንድ ነው።

ደግሞም ለዚህ እውቀት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከደምበጫ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው የአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ዝናብን፣ ጎርፍንና ደለልን ለክቷል። በ113 ሄክታሩ መሬት ላይ በ1986 ገደማ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠርቷል። ስሙ የስዋሂሊ ሲሆን አፈሩን ወደ ላይ መወርወርን ያመለክታል። እርከኑም የሚሠራው ከመንገድ መቀልበሻ ጋር በአንድ መርሕ ነው፤ ረጅሙን ቁልቁለት ወደ አጫጭር ክፍሎች ይቆራርጣል።

አስቸጋሪው ጥያቄ የፊዚክስ ብቻ አይደለም። የተቀለበሰው ውሃ የት ይሄዳል? የጎጃም ገበሬ በማሳው ላይ የሚያወጣው ፈሰስ የራሱን ሰብል ከጎርፍ ያድናል፤ ፈሰሱ መንገዱ ላይ ሲያበቃ ግን በስሌታችን ውስጥ ያልነበረ የሌላ ማሳ ውሃ ተጨመረ ማለት ነው። የማሳው ስፋት ግማሽ ሄክታር ቢሆንና ከ20 ሚሊ ሜትሩ ዝናብ ሩቡ ብቻ ቢፈስ 25 ቶን ውሃ ይመጣል፤ መንገዱ ራሱ ከተቀበለው ስድስት እጥፍ በላይ ነው። ይህ ካልታረመ የመንገዱ ጥገና ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ መንገድ ጠጋኞች ውሃውን ወደ ጎረቤት ጤፍ ቢለቁት ጠቡ እስከ ቀበሌ ሸንጎ ይደርሳል። ስለዚህ ከዶማው በፊት የላይኛውና የታችኛው ማሳ ባለቤቶች አብረው ተቀምጠው፣ ውሃው የሚያርፍበትን ሣራማ ወይም ድንጋያማ ማፋሰሻ ሊስማሙበት ይገባል።

ከኮረብታው ግርጌ ሌላ ጠባይ ያጋጥማል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በምትገኘው ደብረ ማዊ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ቦረቦሮች በንቃት የሚሰፉት የከርሰ ምድር ውሃ ወለል ከቦረቦሩ ወለል በላይ ከፍ በሚልበት ቦታ መሆኑን አሳይቷል። በውሃ የጠገበ አፈር ጥንካሬው ስለሚቀንስ ግድግዳው በራሱ ክብደት ይናዳል። በእንዲህ ያለ ረግረግ ላይ መቀልበሻ ብቻውን ብዙ አይፈይድም፤ መንገዱን ወደ ደረቁ ከፍታ ማዛወር ይመረጣል።

የጥር ሥራ በጥር አያልቅም። በሐምሌ ከባድ ዝናብ እንዳባራ አንድ ሰው ዶማ ይዞ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ቢሄድ፣ ከየመቀልበሻው በታች ያለው የጅረቱ ምልክት የትኛው እንደተደፈነ ይነግረዋል። የተደፈነውን አፍ ለመክፈት ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።