መታቀፍ የረሳች ዶሮ

የአገራችን የዶሮ እርባታ ታሪክ ላለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ ሲዞር የኖረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ እንቁላሉን እንዴት እናብዛው? በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ ኋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ወደ ግብርና ኮሌጆች ሲገቡ፣ ኋላም ፋዩሚ፣ ቦቫንስ ብራውን፣ ኮኮክና ሳሶ ሲከተሉ ዓላማው ይኸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ደግሞ ዶሮን ከወተትና ከማር ጋር አሰልፎ ጉዳዩን እስከ ቤተሰብ ደጅ አወረደው። ጫጩቱን ማን ይፈልፍለው የሚለው ጥያቄ ግን የዚያኑ ያህል ትኩረት አላገኘም።

ለእንቁላል ተብለው የተመረጡ ዝርያዎች መታቀፍ ትተዋል፤ የታቀፈች ዶሮ እንቁላል አትጥልምና። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትጥለው አንድም በዚህ ነው። አንድ ዙር ጥላ ትታቀፋለች፤ 21 ቀን ትተኛለች፤ ከዚያ ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን ታሳድጋለች። ይህን የሚያውቁ እናቶች እንቁላሉን ሲፈልጉ ልትታቀፍ የምትለዋን ዶሮ ቁልቁል ያንጠለጥሏታል፣ ጎረቤት ቤት ያሳድሯታል፣ አፍንጫዋ ላይ ላባ ይሰኩባታል። ቦቫንስ ብራውን በጥሩ አያያዝ በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች፤ ራሷን የምትተካ ጫጩት ግን ታቅፋ አታወጣም። ባለቤቷም ዶሮዎቹ ባረጁ ቁጥር ቄብ ወይም የአንድ ቀን ጫጩት ፍለጋ ይወጣል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት አነስተኛ የመፈልፈያ ማሽን ወደ ቤት እየገባ ነው። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። መጀመሪያ እንቁላሉ አውራ ካለበት መንጋ የተገኘ ሊሆን ይገባል፤ ሱቅ የሚሸጠው የፈረንጅ እንቁላል በአብዛኛው አውራ ከሌለበት እርባታ ስለሚመጣ አይፈለፈልም። ከሳምንት በላይ ያልቆየ፣ ያልታጠበና ያልተሰነጠቀ ይመረጣል። ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን 50 በመቶ አካባቢ ይሁን። እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል። በሰባተኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ ሲታይ የደም ሥር ያላበጀው ይወጣል። ከ18ኛው ቀን በኋላ መገላበጡ ይቆምና እርጥበቱ ወደ 65 በመቶና ከዚያ በላይ ከፍ ይላል።

በደጋው ሌላም ፈተና አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ እንቁላል ውኃውን ቶሎ ያጣል፤ ጽንሱም የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። በቆላ የተሳካ አሠራር እንዳለ ወደ ደጋ ቢወሰድ ላይሠራ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ብዙዎች ይደናገጣሉ። ጽንስ ከመጋል ይልቅ መቀዝቀዝን ይችላል። የጥቂት ሰዓት መቋረጥ ሁሉን አይገድልም፤ ማሽኑን ሳይከፍቱና አየር ማስገቢያውን ሳይደፍኑ በብርድ ልብስ መሸፈን ይጠቅማል። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ማሽን ላይ ብቻ መተማመን ኪሳራ ነው።

ታቃፊዋ ዶሮ መብራት አትጠይቅም። ከ10 እስከ 12 እንቁላል ታቅፋ ሙቀቱንም ማገላበጡንም ራሷ ትመራለች። ድክመቷ ከተፈለፈለ በኋላ ይታያል፤ በገጠር ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው በፈንግል፣ በብርድ፣ በጭልፊትና በሸለምጥማጥ ማለቃቸው የተለመደ ነው። ጥፋቱ ግን የመታቀፏ አይደለም፤ የመጠለያና የክትባት እጦት ነው። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል። ጭድ የተጠቀጠቀበት ሳጥንም ጫጩትን ያለ መብራት ያሞቃል።

ስለዚህ ማሽኑንና ዶሮዋን ማቀናጀት ይበጃል። ማሽኑ ውስጥ እንቁላል በሚገባበት ቀን ታቃፊዋንም ማስተኛት፣ ጫጩቶቹ ሲወጡ ደግሞ የማሽኑን ጫጩቶች በማታ ክንፏ ሥር መጨመር ይቻላል። በጨለማ የተጨመረላትን ብዙ ጊዜ እንደ ራሷ ልጅ ትቀበላለች።

በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የእንስሳት ናሙና ጥናት በአገሪቱ 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ሲገመቱ፣ ከአምስቱ አራት ያህሉ የአበሻ ዶሮዎች ነበሩ። ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሆሮ የተባለውን የአበሻ ዶሮ በምርጫ ማሻሻል መጀመሩ የአገር ዝርያ ሳይጠፋ ሊሻሻል እንደሚችል ያሳያል። የግብርና ቢሮዎች ጫጩት ብቻ ከማከፋፈል ይልቅ ታቃፊ ዶሮ ላላቸው እናቶች አውራ ያለበት የተሻሻለ እንቁላል፣ ክትባትና ምክር ያድርሱ። እርስዎም ቤትዎ ያለችውን ታቃፊ ዶሮ አይረዷት፤ ሥራዋን ማሽን ብቻውን አይተካውም።