ከአንድ ሚሊዮን ፍሬ 424ቱ

አንድ ሚሊዮን ፍሬ ጤፍ ሲሉት ብዙ ይመስላል እንጂ ሰፌድ አይሞላም። አንድ ሺህ ፍሬ የግራም ሲሶ ገደማ ነው የሚመዝነው፤ ሚሊዮኑ ተሰብስቦ ሲሶ ኪሎ ቢሆን ነው። ያን ነጭ ጤፍ ሰፌድ ላይ ዘርጉትና 424 ፍሬ ቀይ ጤፍ ጣል አድርጉበት። በሁለት ጣት ቆንጠር የሚደረግ ነው፤ ሰፌዱን አንዴ ነቅነቅ ቢያደርጉት ከዓይን ይጠፋል። በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ) አየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ያክላል፤ ከሚሊዮን 424። ፋብሪካ ሳይስፋፋ በፊት 280 ነበር።

የአየር ንብረቱን የለወጠው ሰው ነው መባሉን የማይቀበሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ይህችኑ ቁንጥር ነው፤ ይህቺ ምን ታመጣለች? ጥያቄው አይናቅም፤ እኔንም ብዙ ጊዜ ከንክኖኛል። መልሱ በ1859 ለንደን ውስጥ ነው የተገኘው። ጆን ቲንደል የተባለው ሳይንቲስት ጋዞችን በየተራ ቱቦ ውስጥ እያስገባ ሙቀት ለቀቀባቸው። ከአየሩ 99 በመቶ የሚሆኑት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሙቀቱን ዝም ብለው አሳለፉት። የያዙት እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው፤ የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ። እነሱ ባይኖሩ የምድር አማካይ ሙቀት 15 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ ከዜሮ በታች 18 ይወርድ ነበር።

ቁንጥሯን ደግሞ ሚዛን ላይ እናውጣት። ከሚሊዮን አንዷ ብቻ 7.8 ቢሊዮን ቶን ትመዝናለች። የተጨመሩት 144ቱ ከ1.1 ትሪሊዮን ቶን በላይ ናቸው ማለት ነው፤ ያውም ባሕሩና ዕፅዋቱ ከለቀቅነው ግማሽ ያህሉን ወስደውልን። ዛሬ ከከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ በየሰከንዱ ከ1,100 ቶን በላይ ይወጣል። 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ ብናስበው በሰከንድ 27 መኪና ነው። ይህን አንቀጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ብዙ መቶ ተሳቢ አልፏል። የዓለም እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ተደምረው የዚህን አንድ በመቶ አያወጡም።

ከ1,000 ተሳቢ የኢትዮጵያ አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከ2020 ጀምሮ አምስት ዝናብ በተከታታይ የቀረባት ቦረና ናት፣ ከብቷ ያለቀባት ቦረና። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች በ2023 አስልተው እንደደረሱበት፣ ሰው ያመጣው ሙቀት በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድልን ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል።

የተጨመረው ከሰው ለመሆኑ ማስረጃው ካርቦኑ ራሱ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የተባለውን የካርቦን ዓይነት ይይዛል፤ ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል። ሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ከሰል ውስጥ ምንም አልቀረም። በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን 14ም ከከሰልና ከነዳጅ በሚወጣው፣ ካርቦን 14 በሌለው ካርቦን እየቀጠነ ሄዷል።

ሳይንቲስቶቹስ ምን ያህል ይስማማሉ? 97 በመቶ የሚባለው ቁጥር በ2013 ከወጣ ጥናት የመጣ ነው። 11,944 ጽሑፎች ታዩ፤ ሁለት ሦስተኛው ስለ መንስኤው ምንም አላሉም፤ ካሉት 97 በመቶው ሰው ነው አሉ። ተጠራጣሪዎች ዝም ያሉት ለምን አልተቆጠሩም ይላሉ። ግን ስለ ወባ መድኃኒት የሚጽፍ ሐኪም ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን በየጽሑፉ አይደግምም። በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች ከ88,125 ጽሑፎች 3,000ውን በዕጣ አውጥተው አነበቡ። የሚጠራጠሩት 4 ነበሩ።

ከተጠራጣሪዎቹ ሁሉ የማከብረው ሪቻርድ ሙለርን ነው። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር፤ የሙቀት መዝገቦቹን አላምንም ብሎ ራሱ ሊቆጥር ተነሣ። ቡድን ሰበሰበ፤ በነዳጅ ከበለጸገው ከቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን ሳይቀር 150,000 ዶላር አገኘ። 1.6 ቢሊዮን የሙቀት ልኬቶችን ፈተሹ። በ2012 ሙለር ሐሳቡን መቀየሩን በአደባባይ ተናገረ፦ ምድር ሞቃለች፣ ያሞቃት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሰው ብቻ ነው። በ1.6 ቢሊዮን ቁጥር ተረትቶ መረታቱን የሚናገር ሰው ከስንት አንድ ነው።

ቀዮቹን ፍሬዎች መቁጠር የጀመረው ሳይንቲስቱ ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ ነው፤ መጋቢት 1958፣ ሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,400 ሜትር ከፍታ። ያኔ 313 ነበሩ። አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የታሰረው አየር እንደሚናገረው ባለፉት 800,000 ዓመታት ፋብሪካ እስኪመጣ ድረስ 300 ያለፉበት ጊዜ የለም። ቆጠራው አሁንም ቀጥሏል። ናሙና የሚወስደው ሰው አየሩ ተመጦ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ይዞ ከነፋሱ ፊት ለፊት ይቆማል። ከመክፈቱ በፊት ትንፋሹን ይይዛል፤ ከሳንባችን የሚወጣው ከሚሊዮን 40,000 ያህል ነው፣ ከአየሩ መቶ እጥፍ ገደማ፣ አንዲት ትንፋሽ ልኬቱን ታበላሻለች። ብልቃጡ ይከፈታል፤ የተራራው አየር እያፏጨ ይገባል፤ ይዘጋል። ሰውየው የሚተነፍሰው ከዚያ በኋላ ነው።