ጡት ካስጣሉ በኋላ የሚረግፍ ፀጉር

አንዲት የአሊዩ አምባ እህታችን ልጇን ጡት ካስጣለች ወዲህ ፀጉሯ በማበጠሪያ እየወጣ፣ «የሰው ዓይን ይሆን? ፀጉርስ ብቀጥል?» ስትል ጠይቃናለች።

ዓይን ሐቅ ነው፤ ሁሉን ግን በዓይን አናሳብብ። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወሊድ 3 ወር ገደማ በኋላ አንድ ላይ ይረግፋል፤ ሥሩ ስላልሞተ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ይመለሳል። 2 ዓመት አጥብታ ካስጣለች በኋላ የጀመራት ከሆነ ግን የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ሕመም ሊኖር ስለሚችል፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትመርመር።

መቀጠሉን በተመለከተ፣ አስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ በሕመም ፀጉሯ ለረገፈ ሙሽራ ልጇ የጠየቀች እናት እንኳ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፈቃድ አላገኘችም። መታከም ግን የተፈቀደ ነው። ባሏም ከገበያ ሲመለስ ምስርና ማሾ፣ ከቻለም ሥጋ ይዞላት ይግባ።