ስም በገበያ ላይ፤ ስለ ንግድ ምልክት ሕግ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል እየሰማን ስላደግን ስለ ስም ክብር ብዙ መናገር አያስፈልገንም። ዳሩ ግን ይህ አባባል የሰውን ስም የሚመለከት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው በከረጢት፣ በጠርሙስና በሱቅ በር ላይ ስለሚጻፈው ስም ነው። ይህም ስም እንደ ቤትና እንደ ከብት ንብረት ነው። ልዩነቱ አጥር የሌለው መሆኑ ነው፤ ሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው እንኳ ከወንበሩ ሳይነሣ ሊወስደው ይችላል።

ነገሩን በቅርብ ከምናውቀው እንጀምር። መኸር ካለፈ በኋላ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በየደጃፉ የተሰጣውን ቀይ በርበሬ ሳያይ አያልፍም። ገበሬው ዛላውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ የተበላሸውን ለይቶ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴውም አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ ወስዶ በርበሬ በረንዳ ያራግፈዋል። እዚያ የምትገዛው እመቤት በመጀመሪያ በዓይኗ፣ ቀጥሎም በስሙ ትመርጣለች፤ የቡሬ ነው ወይስ የማረቆ ብላ ትጠይቃለች። ዛላውን ባለሙያ በዓይኑ ይለየዋል። ተፈጭቶ በላስቲክ ከታሸገ በኋላ ግን ከስሙ በቀር ምስክር የለውም። እንግዲህ ከሌላ ስፍራ የመጣውን፣ ይባስ ብሎም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ዱቄት አሽጎ «የቡሬ በርበሬ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢነሣ ሁለት ሰዎችን ይበድላል። ገዢዋ ገንዘቧን ታጣለች። ገበሬውም ሳያውቀው ስሙን ያጣል፤ በሚመጣው ዓመት ደንበኛይቱ «የቡሬውን ቀምሼዋለሁ፣ አይረባም» ትላለችና።

ሕጉ «የንግድ ምልክት» የሚለው፣ በተለምዶም ማርካ የምንለው፣ የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ለይቶ የሚያሳውቅ ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር ወይም የእነዚህ ድብልቅ ነው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሌላውን ምልክት አስመስሎ መሥራትን ይቀጣ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ከቅን የንግድ ልማድ ውጭ የሆነውን ውድድር ይከለክል ነበር። ሆኖም ስለ ምልክት ምዝገባና ባለቤትነት በዝርዝር የሚደነግግ ራሱን የቻለ አዋጅ ስላልነበረ፣ ነጋዴው «ይህ ምልክት የእኔ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ በጋዜጣ እያወጣ መብቱን ሲያስታውቅ ኖረ። ይህን ጉድለት የሞላው በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ነው።

በመሥሪያ ቤት የምናገለግል ሰዎች በተለይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የንግድ ስምና የንግድ ምልክት አንድ አለመሆናቸው ነው። የንግድ ስም ነጋዴው ራሱ የሚጠራበት ሲሆን፣ ፈቃድ ሲያወጣ በንግድ ቢሮ ይመዘገባል። የንግድ ምልክት ግን ዕቃው የሚታወቅበት ነው፤ የሚመዘግበውም ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ይኸውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንድ ባለጉዳይ ፈቃዱን ተቀብሎ ሲወጣ «ስሜ ተመዝግቧል፣ ከእንግዲህ የሚነካኝ የለም» ብሎ ያምናል። እኛም በመስኮቱ ማዶ ሆነን ዝም እንላለን። በአዋጁ መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ምስክር ወረቀት ስለሆነ፣ ያ ሰው ለዓመታት የደከመበትን ማርካ ሌላው ቀድሞ ቢያስመዘግበው፣ ክርክሩን የሚጀምረው ከታች ሆኖ ነው።

ስም መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም አገራችን በቡናዋ አይታዋለች። በመጋቢት ወር 1997 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን ስሞች በኢትዮጵያ መንግሥት ስም ለማስመዝገብ ለአሜሪካ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አቀረበ። ነገር ግን ስታርባክስ የተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ በ1996 ዓ.ም. «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ስም ለራሱ ለማስመዝገብ አመልክቶ ስለነበር፣ የሲዳሞ ስም ባለቤት በገዛ ስሙ ተራ ጠባቂ ሆነ። ኩባንያው ኋላ ማመልከቻውን ተወው። ይርጋ ጨፌ በ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ተመዘገበ።

ሐረርና ሲዳሞ ግን ተቃውሞ ገጠማቸው። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር እነዚህ ቃላት የወል መጠሪያ ሆነዋል፣ የቡና ዓይነት ስም እንጂ የአንድ ባለቤት ምልክት አይደሉም ሲል ተከራከረ። በዚህ ክርክር ውስጥ ያለውን ጉድ ተመልከቱ፤ ስሙ እጅግ በመታወቁ ምክንያት ባለቤት የለውም ተባለ። ይህ ደግሞ በማርካ ሕግ የታወቀ አደጋ ነው። ባለቤቱ ዝም ባለ ቁጥር ስሙ የሁሉም፣ ከዚያም የማንም ይሆናል።

ኩባንያው በበኩሉ ምልክቱን ከማስመዝገብ ይልቅ ቡናው የተመረተበትን ስፍራ የሚያረጋግጥ ሥርዓት ቢቆም ይሻላል የሚል አሳብ አቀረበ። ሲሰሙት መልካም ይመስላል። ዳሩ ግን ቡናችን የሚለቀመው በአንድ ጌታ እርሻ ላይ ሳይሆን በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ገበሬዎች ጓሮ ነው። እያንዳንዱን ጓሮ የሚመረምር፣ እያንዳንዱን ጆንያ የሚያረጋግጥ ሠራተኛ ከየት ይመጣል? ወጪውስ በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? የኢትዮጵያ መልስ ይህ ነበር፤ እኔም ትክክለኛ መልስ ነው እላለሁ። በሰኔ ወር 1999 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ኩባንያው በሦስቱ ስሞች የኢትዮጵያን ባለቤትነት አውቆ ስሞቹን በፈቃድ ለመጠቀም ፈረመ። ሲዳሞና ሐረርም ከዚያ በኋላ ተመዘገቡ።

ፈቃዱ የተሰጠው ያለ ኪራይ ክፍያ ስለሆነ፣ ታዲያ ምን ተገኘ የሚል ጠያቂ አልጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምዝገባ ብቻውን የጆንያውን ዋጋ አያስወድድም፤ ገበሬውም ምስክር ወረቀቱን ጠጥቶ አያድርም። የተገኘው ነገር በስሙ የሚጠቀመው ማን እንደሆነና እንዴት እንደሚጠቀምበት የመወሰን ሥልጣን ነው፤ ዋጋውን መደራደር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

የጤፍን ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚያምታቱ አሉና በአጭሩ እንለየው። በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ያወጣው መብት የፈጠራ እንጂ የስም መብት አልነበረም፤ እርሱንም የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. ሽሮታል።

ወደ በርበሬያችን እንመለስ። አንድ ነጋዴ ተነሥቶ «ቡሬ በርበሬ» የሚለውን ቃል ብቻ የግሉ ምልክት ላድርግ ቢል፣ ሕጉ በቀላሉ አይፈቅድለትም። የዕቃውን ዓይነትና የመጣበትን ስፍራ ብቻ የሚናገር ቃል የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ከሌላው አይለይምና፤ ደግሞስ የቡሬን ስም ከሌላው የቡሬ ገበሬ መንጠቅ አይሆንምን? አዋጁ ለእንዲህ ያለው ነገር የወል የንግድ ምልክት የሚባል መንገድ ከፍቷል። ምልክቱ የማኅበር ይሆናል፤ አባሎቹ በጋራ ይጠቀሙበታል፤ የአጠቃቀሙንም ደንብ ማኅበሩ ያወጣል። ዛላው በምን ያህል እንደሚደርቅ፣ ምን እንደማይቀላቀልበት፣ ደንቡን የሚያፈርስ አባል ምን እንደሚደርስበት እዚያ ይጻፋል። የገበሬዎች ማኅበራትን ሰነድ የሚያዘጋጅ የወረዳ ሠራተኛ ይህን መንገድ ቢያውቅ የሚያሳያቸው ነገር አያጣም።

የተመዘገበ ምልክት ጥበቃው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ነው፤ ባለቤቱ በጊዜው ካደሰው ለሌላ 7 ዓመት፣ ከዚያም እንደገና እየታደሰ ይቀጥላል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልተሠራበት ምልክት ግን ባለጉዳይ ከጠየቀ ሊሰረዝ ይችላል። በኢትዮጵያ የተመዘገበውም የሚያገለግለው በኢትዮጵያ ነው፤ ዕቃውን ወደ ውጭ የሚልክ ሰው በሚልክበት አገር ለብቻ ማስመዝገብ አለበት። ከመመዝገቡም በፊት ማመልከቻው ተመርምሮ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ የሚቃወም ካለ እንዲቀርብ ለሕዝብ ይገለጻል። በጋዜጣ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ታትሞ፣ ብዙዎቻችን ሳናነበው የምናልፈው ማስታወቂያ ይህ ነው፤ ተቃውሞውም የሚሰማው በተወሰነለት ቀን ውስጥ ለቀረበ ሰው ነው።