ናፍታ ሞተር ሁሉን አይጠጣም

የናፍታ መኪና ባለቤትን ጠባይ ለማወቅ ጧት ጧት ማየት ይበቃኛል። ከመግባቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ማጣሪያው ሥር ጎንበስ ካለ መኪናውን ለልጁ ያወርሳል። እንደገባ ቁልፉን ጠምዝዞ ሞተሪኖውን የሚያስጮኽ ከሆነ ደግሞ በዓመቱ ጋራዥ ደጃፍ ላይ አገኘዋለሁ። ሰቆጣ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ሰው አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ።

የማስተዋውቃችሁ አሮጌውን የናፍታ ላንድክሩዘር ነው፤ ዐይነ ክቡን፣ በባልስትራው የሚያነጥረውን፣ 40 ተከታታይ የሚባለውን። በ77ቱ ድርቅ ለእርዳታ ሥራ ወደ ወሎ ከመጡት መኪኖች መካከል ላንድክሩዘሮች ነበሩበት፤ ሥራቸውን የጨረሱ መኪኖች በጊዜያቸው በጨረታ ይሸጣሉ። እኔም በ1988 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ አንዱን በጨረታ ገዛሁ። ሞተሩ ሁለት ኤች ይባላል፦ ስድስት ሲሊንደር፣ 3,980 ሲሲ፣ ተርቦ የለውም። የፈረስ ጉልበቱ ቢቆጠር ከዛሬዋ ትንሽ የቤት መኪና ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ወርዶ (የቢሾፍቱ አካባቢውን ተራራ ሳይሆን የዋጉን ወረዳ ማለቴ ነው) ሰውና ኩንታል ተሸክሞ ሽቅብ ሲመለስ ያላየ ሰው ስለ ጉልበት ባያወራ ይሻላል።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ያቃጥላል፤ ናፍታ ግን ብልጭታ አያውቅም። አየሩን ሃያ እጥፍ ያህል ጨምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፣ ናፍታው እዚያ ላይ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ሐሳቡ የጀርመናዊው የሩዶልፍ ዲዝል ነው፤ በ1897 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አሳየ። ለቤት መኪና ግን ረጅም ጊዜ አልተገመተም፤ ይከብዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል ተብሎ። መርሴዲስ 260ዲን በርሊን ላይ ለሕዝብ ያሳየው በየካቲት 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ጣልያን ከጦሩ ጋር የናፍታ ፊያቶቹን ይዞ መጣ፤ ሹፌሮቻችን ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት 634 ከእነዚያ አንዱ ነው። ጦሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ሄደ፤ ቃላቱ ግን አልሄዱም። ሰቆጣ ገበያ ላይ ኽምጣንጋና አማርኛ ይነገራል፣ ኮፈን ሥር ግን ቋንቋው ጣልያንኛ ነው፦ ፖምፓ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ። ናፍታ የሚለው ስም ራሱ ከዚያው ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። በእኔ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ጥፍር የምታህል ወንፊት አለች። ከወንፊቷ ኋላ የተጠማዘዘች ሽቦ ተቀምጣለች። ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ስታዞረው ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም፤ ቀጥሎ ሽቦዋ እንደ ረጋ ደም ትጠቁራለች፣ ከዚያ ትቀላለች፣ በመጨረሻ ምድጃ ውስጥ እንደ ቆየ ፍም ትሆናለች። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያሉት ማሞቂያ ካንዴላዎች የሚጠቀሙበት ኤሌክትሪክ በእሷ በኩል ያልፋልና፣ እሷ ስትቀላ እነሱም ቀልተዋል ማለት ነው። ጨርሳ ካልቀላች መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ከወትሮው ፈጥና ከነደደች ደግሞ አንድ ቦታ ተገናኝቶ ኤሌክትሪኩ ያለ አግባብ እየፈሰሰ ነው። ኮምፒዩተር የለ፣ ባለሙያ የለ፤ አንዲት ሽቦ ትነግርሃለች።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ የሚጨምቀውም በዚያው ልክ ያንሳል። የኅዳር ውርጭ ሲጨመርበት ጧት ላይ ያለ ማሞቂያ ማስነሳት ድንጋይን እንደ መለመን ነው። እስከ ሃያ መቁጠር ብቻ ይበቃል። ሰው ግን አይቆጥርም። ሽቦዋ ሳትቀላ ሞተሪኖውን ያስጮኻል፣ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ከዚያ «ግፉልኝ!» ብሎ መንገደኛውን ሁሉ ያስቸግራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንዲህ ያለው ሹፌር ይመስለኛል። ዳገት ላይ ከኋላ የሚወጣውን ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት አድርጎ የሚኮራም ይኸው ሰው ነው። ጥቁር ጭስ አየር አጥሮት ሳይቃጠል የወጣ ናፍታ ነው፤ ገንዘብህ ነው በማርሚታ የሚወጣው። ማርሽ ቀንስና እግርህን ላላ አድርግ።

ይህ ሁሉ ግን ይቅር የሚባል ጥፋት ነው። ይቅር የማይባለው «ናፍታ ሞተር ጠንካራ ነው፣ ያጠጡትን ይጠጣል» የሚለው ወሬ ነው። ስንት ፖምፓ በዚህ ወሬ ተቀበረ! እኔም አንድ ቀብሬያለሁ።

በግንቦት ወር ነው። የጎረቤት ልጅ ሠርግ ነበርና አጃቢዎችን ጭኜ እንድሄድ ተለመንኩ። ማደያው ናፍታ ስላልነበረው ከአንድ ነጋዴ ግቢ በጀሪካን ቀዳሁ። በርሜሉ ወደ ማለቁ ስለተጠጋ ነጋዴው አዘንብሎ የታችኛውን አንጠፈጠፈልኝ፤ እኔም ስላልቀረብኝ አመሰገንኩ። ዘፈኑ ሞቅ ብሎ ዳገቱን እያጋመስን ሳለ ሞተሩ አንድ ሁለቴ አሳለው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጸጥ አለ። ሚዜዎቹ ሱፋቸውን እንደለበሱ ወርደው በእግራቸው ሄዱ። እኔ የእጅ ፖምፓውን እየተጫንኩ አየር ሳስወጣ አመሸሁ፤ አየር መስሎኝ ነበርና።

በማግሥቱ መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ገባ። ሽማግሌው መካኒክ መፍቻ አላነሱም። ከሳልቫትዮው፣ ከነዳጅ ታንከሩ ማለት ነው፣ ጥቂት ናፍታ ቀድተው ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨመሩና ፀሐይ ላይ አቆሙት።

«በል ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ» አሉኝ።

ሻዩን ስጨርስ ሃይላንዱን አንስተው ዐይኔ ሥር አመጡት። ከላይ ወርቃማ ናፍታ፣ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ፣ በመካከላቸው በቢላ የተቆረጠ የመሰለ መስመር። ናፍታ ከውሃ ይቀላልና ውሃው ሁልጊዜ ከታች ነው። ነጋዴው ያንጠፈጠፈልኝም ያንን ነበር።

«አየህ ልጄ፣ የዚህ ሞተር ልቡ የዝሆን ነው፣ ጉሮሮው ግን የጨቅላ። በጉሮሮው ነው የገደልከው» አሉኝ።

ጉሮሮ ያሉት ፖምፓውንና ናፍታውን የሚረጩትን ኖዝሎች ነው። ፖምፓው ውስጥ ናፍታውን የሚገፉት ዘንጎች ከማቀፊያቸው ጋር ያላቸው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛው ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ ነው፤ የራስ ፀጉር ከዚያ ከሃያ እጥፍ በላይ ይወፍራል። በዚያ ጠባብ ቦታ የሚያለሰልሳቸው ሌላ ዘይት የለም፣ ናፍታው ራሱ ነው። ውሃ ሲገባ ማለስለሻው ይጠፋል፣ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ መኪናው ቆሞ ያደረ እንደሆነም ይዝጋል። ኖዝሉ ጫፍ ሲደርስ ውሃው በሙቀቱ ባንዴ ተንኖ ጫፉን ይሰብረዋል። ላምባ ቀላቅለው የሚሸጡም የሚገዙም ይህንኑ ይወቁት፦ ላምባ ቀጭን ነው፣ እንደ ናፍታ አያለሰልስም።

በዚህ ጉሮሮ የተነሣ አንድ ትልቅ አገር ከናፍታ የቤት መኪና ጋር ተጣልቷል። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ያ የካቲት አብዮት እንዳመጣ ታውቃላችሁ። ያው የነዳጅ ችግር አሜሪካኖቹን ናፍታ እንዲያስቡ አደረጋቸው። ጄኔራል ሞተርስ ለ1978 እ.ኤ.አ. ሞዴል በኦልድስሞቢል ስም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር የናፍታ የቤት መኪና አወጣ። ሰዉ ተሻማበት። ነገር ግን ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) የሚያስሩት ብሎኖች ቁጥራቸውም አቀማመጣቸውም እንደ ቤንዚኑ ሞተር ነበር፤ የናፍታን ግፊት ሲሸከሙ ይሳባሉ፣ በመካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ይበላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፦ ውሃ መለያ አልገጠሙለትም። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ናፍታ ውሃ ያዘለ ነበር፣ ፖምፓውም ዛገ። አንዳንዱ ባለቤት ውሃውን ላድርቅ ብሎ አልኮል ቢጨምርበት ጭራሽ የፖምፓውን ጎማዎች በላው። በ1985 እ.ኤ.አ. ምርቱ ቆመ። አሜሪካዊው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት «ናፍታ መኪና» ሲባል ፊቱን ያዞር ነበር። ጥፋቱ የናፍታ አልነበረም፤ ቡና ሲኒ የምታህል ዕቃ መቅረት ከጥቂት ብሎን ጋር ተደምሮ ነው።

እና ውሃው ከየት ይመጣል? ሁሉም ነጋዴ ሌባ ነው ብዬ አላምንም። በርሜል ይተነፍሳል። ይህን አንድም ሰው አያምነኝም፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ላስረዳ። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ክረምት ላይ ግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል እንበል። ክዳኑ ጠርዝ አለው፣ ዝናቡ እዚያ ላይ ይጠራቀማል፣ የቡሽ መክፈቻውም በኩሬው ሥር ይቀራል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በመክፈቻው ጥርስ በኩል ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ማታ የዋግ ብርድ ሲመጣ አየሩ ይኮማተራል፣ በርሜሉም ወደ ውስጥ ይስባል። ምን ይስባል? ላዩ ላይ የተኛውን የዝናብ ውሃ። በየቀኑ ወጣ፣ በየሌሊቱ ገባ። ማንም እጁን ሳያስገባ፣ መክፈቻው ጥብቅ ብሎ እንደታሰረ፣ በመስከረም በርሜሉ ሥር ውሃ ተኝቶ ታገኛለህ። ግማሽ ነዳጅ ይዞ የሚያድር ሳልቫትዮም በእርጥብ አየር እንዲሁ ነው፤ ብርዱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ያስይዛል፣ ጤዛው ይንጠባጠባል።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። በርሜሉን በጎኑ አስተኙት፤ ሁለቱ መክፈቻዎች ግራና ቀኝ ትይዩ ይሁኑ፣ ናፍታው ከውስጥ ይሸፍናቸዋል። ማስተኛት ካልተቻለ ውሃ እንዳይቆምበት ጠጠር ሥሩ አስገብታችሁ አዘንብሉት። ከመቅዳታችሁ በፊት በርሜሉን ሳትነቀንቁ አሳድሩት፤ የመቅጃው ቱቦ የበርሜሉን ወለል አይንካ፣ የመጨረሻዋን አራት ጣት ተዉአት። መንገድ ዳር በሃይላንድ ናፍታ ስትገዙ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፣ ታችዋን ታያላችሁ።

የኔ መኪና ዛሬም አለች። ቀለሟ ፀሐይ ጨርሶታል፣ በሯ ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ነው የሚዘጋው። ፖምፓዋን ለማሠራት ያወጣሁት ገንዘብ መኪናዋን ከገዛሁበት ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ምክሬን በዋጋው ተቀበሉት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መኪና ጥሩ ነው፤ የዝቋላን ዳገት እስኪለምድ ድረስ ግን ያሉንን አሮጌዎች ማቆየት አለብን። ማጣሪያው ሥር ያለችውን ብሎን በሳምንት አንዴ ላላ አድርጋችሁ ጥቂት አፍስሱ፤ ጥርት ያለ ናፍታ እስኪመጣ ድረስ። ሽቦዋ እስክትቀላም እስከ ሃያ ቁጠሩ። በርሜላችሁ አሁን ቆሞ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ሳይመጣ ዛሬውኑ አስተኙት።